ኤክስቪ6 ላይ ኤልሲክ ጨመርኩ፣ ከማቅረቤ በፊት ኮዱን እዩልኝ

ናሆም_በሲ፦ ሰኞ ማታ 3:40

ሰላም ለሁላችሁ። የመመረቂያ ፕሮጀክቴ ኤክስቪ6 ላይ ነው፣ ኤምአይቲ ለማስተማሪያ የሚጠቀምባት ትንሿ ኦፐሬቲንግ ሲስተም፣ እኔ የያዝኩት ለሪስክ ፋይቭ ፕሮሰሰር የተሰራውን ነው። እንደምታውቁት እሷ ላይ ፋይል ትከፍታለህ ታነባለህ ትጽፋለህ ትዘጋለህ፣ በቃ፣ ፋይሉ መሀል ዘለህ ገብተህ ከፈለግከው ቦታ ማንበብ ሚባል ነገር የለም። ያላት 21 ሲስተም ኮል (ፕሮግራም ከርነሉን፣ ማለት የሲስተሙን እምብርት፣ የሚጠይቅበት ጥሪ) ነው፣ ይሄን መዝለል የሚሰራው ኤልሲክ የለበትም። እኔ 22ኛ አድርጌ ጨመርኩት።

የቀየርኩት ሁለት ቦታ ነው። አንደኛ ፋይልሲክ የሚል አዲስ ፈንክሽን ጻፍኩ። ከየት ተነስቶ እንደሚዘል የሚነገረው ሲክ ሴት ከሆነ የተሰጠውን ቁጥር ይወስዳል፣ ሲክ ከር ከሆነ አሁን ያለበት ኦፍሴት (ፋይሉ ውስጥ የቆመበት ባይት ቁጥር) ላይ ይደምራል፣ ሲክ ኢንድ ከሆነ የፋይሉ መጠን ላይ ይደምራል፣ ውጤቱ ከዜሮ ካነሰ ኔጋቲቭ 1 ይመልሳል፣ ካልሆነ ኦፍሴቱን ቀይሮ ይወጣል። ሎክ (ሁለት ፕሮሰስ ባንዴ እንዳይነካው የሚዘጋ ቁልፍ) አልያዝኩም፣ የሚቀየረው አንድ ቁጥር ስለሆነ ያስፈልጋል ብዬ አላሰብኩም።

ሁለተኛ ራይትአይ የሚባለው ፋይል ላይ የሚጽፈው ፈንክሽን ውስጥ ኦፍሴቱ ከፋይሉ መጠን ካለፈ እምቢ የምትል መስመር አለች፣ እሷን አጠፋኋት፣ ምክንያቱም ሊኑክስ ላይ ከፋይሉ መጨረሻ አልፈህ ዘለህ መጻፍ ትችላለህ እዚህም እንዲቻል ስለፈለግኩ።

ሞክሬዋለሁ። 100 ባይት ፋይል ላይ 10ኛው ባይት ዘልዬ ጽፌ መልሼ አነበብኩ ልክ ነው። ከዛ 5000 ላይ ዘልዬ አንድ ፊደል ጻፍኩ፣ ኤልኤስ (የፋይሎችን ዝርዝርና መጠን የሚያሳየው ትእዛዝ) ስለው 5001 ባይት ይላል፣ ያቺንም ፊደል መልሼ አነበብኳት። ሐሙስ ለአማካሪዬ ማሳየት አለብኝ። እባካችሁ ሳትራሩልኝ እዩት።

ሰላም_ዲፍ፦ ሰኞ ማታ 4:25

ናሆም ጎበዝ፣ ጀምረህ እዚህ ማድረስህ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። ሳትራሩ ስላልክ ግን እንዳልከው ላድርግ።

እኔ ፓች (የኮድ ለውጥ) ሳይ መጀመሪያ የማየው የተጨመረውን ሳይሆን የጠፋውን ነው። ያጠፋሃትን መስመር እስቲ መልሰህ አንብባት፣ አንድ ጥያቄ ብቻ አይደለም ያለባት፣ በ"ወይም" የተያያዙ ሁለት ናቸው። አንደኛው አንተ ያልከው ነው፣ ኦፍሴቱ ከመጠኑ አልፏል ወይ። ሁለተኛው ደሞ ኦፍሴትና የሚጻፈው ብዛት ሲደመሩ ከኦፍሴቱ ራሱ አንሰዋል ወይ የሚል ነው፣ ማለት ድምሩ 32 ቢት ሞልቶ ከዜሮ ጀምሯል ወይ ነው ጥያቄው። አንተ የመጀመሪያውን ልታነሳ ስትል ሁለቱንም ነው ያነሳሃቸው።

አሁን ይሄን ፋይልሲክ ውስጥ ካለው ጋር አገናኘው። አዲሱን ኦፍሴት የያዝክበት ተለዋዋጭ አንሳይንድ ነው፣ አንሳይንድ ቁጥር ደሞ ከዜሮ ሊያንስ አይችልም፣ ስለዚህ "ከዜሮ ካነሰ" ያልካት ኢፍ አንድም ቀን አትሰራም። ኮምፓይለሩም አይነግርህም፣ ኤክስቪ6 ሚኮምፓይለው ዎል በሚባለው የማስጠንቀቂያ አማራጭ ነው፣ ይሄን አይነቱን ማስጠንቀቂያ የሚያወጣው ኤክስትራ የሚባለው ሌላው አማራጭ ነው።

እና ኦፍሴቱ 10 ላይ ቆሞ አንድ ፕሮግራም ሲክ ከር ብሎ ኔጋቲቭ 20 ቢሰጥህ ውጤቱ ኔጋቲቭ 10 ሳይሆን 4294967286 ይሆናል። ከዛ ሃያ ባይት ልጻፍ ቢል፣ 4294967286 ሲደመር 20 በ32 ቢት 10 ነው! የፋይሉን ትልቁን ልክ የሚጠብቀው ቀጣዩ መስመር ይሄንን 10 አይቶ ያሳልፈዋል፣ ከዛ ቢማፕ፣ የፋይሉ ብሎክ (1024 ባይት ቁራጭ) ዲስክ ላይ የት እንዳለ የሚናገረው ፈንክሽን፣ የ4194303ኛውን ብሎክ አድራሻ ይጠየቃል። ቢማፕ ምን እንደሚያደርግ ሂድና እየው።

ናሆም_በሲ፦ ሰኞ ማታ 5:10

ሰላምዬ አየሁት፣ አራት መስመር ፕሮግራም ጽፌ ኬሙ (ማሽን የሚያስመስል ፕሮግራም) ላይ አሄድኩት፣ "ፓኒክ፡ ቢማፕ፡ አውት ኦፍ ሬንጅ" ብሎ ማሽኑ ቀጥ አለ። ከርነሉ ነው የሞተው እኮ፣ ፕሮግራሙ አይደለም! ማንም ተራ ፕሮግራም ሲስተሙን መግደል ይችላል ማለት ነው። ይሄን ይዤ ሐሙስ ልገባ ነበር።

አሁን ስሌቱን 64 ቢት ባለምልክት አደረግኩት፣ ከዜሮ በታች ከሆነ ወይ ከትልቁ ፋይል ልክ ካለፈ እዛው ኔጋቲቭ 1 ይመልሳል። ትልቁ ፋይል 268 ብሎክ ነው፣ 12 ቀጥታ አድራሻ እና በአንድ ብሎክ ውስጥ ያሉ 256፣ በባይት 274432። ራይትአይ ውስጥም የድምሩን ጥያቄ መለስኩት፣ የመጠኑን ብቻ ነው አሁን ያነሳሁት።

ብሎክ_ቆጣሪ፦ ማክሰኞ ጠዋት 2:15

ሰላም ሌሊቱን ስትጨርሰው ለኔ ምንም ያልቀረ መስሎኝ ነበር። ናሆም አንድ ጥያቄ ልጠይቅህ። 5000 ላይ ጽፈህ ያነበብከው ያቺኑ የጻፍካትን ፊደል ነው አይደል? ከ100 እስከ 4999 ያለውንስ አንብበኸዋል? ያን ፋይል ካት (ይዘቱን የሚያወጣው ትእዛዝ) ብትለው ምን ይመጣል?

ናሆም_በሲ፦ ማክሰኞ ጠዋት 2:50

አላነበብኩትም ነበር። አሁን ካት አልኩት። የመጀመሪያውን ትንሽ ካወጣ በኋላ "ፓኒክ፡ ሎግ ራይት አውትሳይድ ኦፍ ትራንስ"። ግን እኮ እያነበብኩ ነው፣ ማንበብ ለምን ሎግ (የዲስክ ለውጥ ቀድሞ የሚመዘገብበት ቦታ) ላይ ይጽፋል?

ብሎክ_ቆጣሪ፦ ማክሰኞ ጠዋት 3:30

እሱን ነው እንድታየው የፈለግኩት። ወረቀት አውጣና አምስት ሳጥን ሳል፣ እያንዳንዷ 1024 ባይት። 100 ባይት ስትጽፍ ሳጥን 0 ተሞላች። 5000 ላይ ስትጽፍ ሳጥን 4 ተሞላች ምክንያቱም እሷ ከ4096 እስከ 5119 ነው የምትይዘው። ሳጥን 1፣ 2 እና 3 ግን ማንም አልነካቸውም፣ አይኖዱ (የፋይሉ መጠንና የብሎኮቹ አድራሻ ያለበት መዝገብ) ውስጥ አድራሻቸው ዜሮ ነው። ቀዳዳ ማለት እሱ ነው።

አሁን ካት 512 ባይት 512 ባይት እያለ ያነብና 1024ኛው ባይት ላይ ሲደርስ የሚያነበው ፈንክሽን ሪድአይ ቢማፕን "የሳጥን 1 አድራሻ ስንት ነው" ይለዋል። ቢማፕ ዜሮ ሲያይ "ባዶ ነው" አይልም፣ ሄዶ በባሎክ አዲስ ብሎክ ያወጣለታል። ለመጻፍ ይሁን ለማንበብ የተጠራው አያውቅም፣ ማንም ነግሮት አያውቅም። ባሎክ ደሞ ቢትማፑን (የትኛው ብሎክ እንደተያዘ የሚያሳየውን ሰንጠረዥ) ስለሚቀይር ሎግ ላይ መጻፍ አለበት፣ ለዛ ትራንዛክሽን (አንድ ላይ የሚጻፉ ለውጦች ጥቅል) መከፈት አለበት፣ ፋይልራይት ይከፍታል ፋይልሪድ ግን አይከፍትም፣ ለምን ይከፍታል፣ ማንበብ ነው እንጂ። ስለዚህ ፓኒክ።

የሚያስፈራኝ ግን ፓኒኩ አይደለም፣ ፓኒክ ደግ ነው ቢያንስ ይጮሃል። በዛች ሰአት ሌላ ፕሮሰስ የራሱን ትራንዛክሽን ከፍቶ ቢሆን ሎግ ራይት "ክፍት አለ" ብሎ ዝም ብሎ ያሳልፈዋል። ብሎኩ ቢትማፕ ላይ ተይዟል ይባላል፣ አድራሻው ግን ሜሞሪ ላይ ባለው አይኖድ ብቻ ነው ያለው፣ ሪድአይ አይኖዱን ወደ ዲስክ አይመልሰውም። ፋይሉ ሲዘጋና ቦታው ለሌላ ሲሰጥ አድራሻው ይጠፋል፣ ብሎኩ የማንም ሳይሆን ተይዞ ይቀራል። ይሄ ቴስት ላይ አንዴ ይመጣል አንዴ አይመጣም፣ ሳምንት ፈልገህ ላታገኘው ትችላለህ።

እና ልብ በል፣ ሪድአይንም ቢማፕንም አንተ አልነካሃቸውም፣ ዲፍህ (የቀየርካቸው መስመሮች ዝርዝር) ውስጥ የሉም። ያች ያነሳሃት ጥያቄ ናት "በፋይሉ መሀል ቀዳዳ የለም" የሚለውን ለሁሉም ስትጠብቅ የነበረችው።

የድሮ_ዩኒክስ፦ ማክሰኞ 6:05

ልጆች ደስ የሚል ውይይት ነው። እኔ ስለ ደንቡ ልጨምር። በፖዚክስ (ዩኒክስ መሰል ሲስተሞች የሚከተሉት ደንብ) ከፋይሉ መጨረሻ አልፎ መዝለል ይፈቀዳል፣ መዝለሉ ብቻውን ግን የፋይሉን መጠን አይቀይርም፣ መጠኑ የሚቀየረው ስትጽፍ ነው፣ መሀል የቀረው ክፍተት ሲነበብ ዜሮ ሆኖ መነበብ አለበት። ፓይፕ (ሁለት ፕሮግራም የሚያገናኝ ቱቦ) ላይ መዝለል ስህተት ነው።

ኤክስቪ6 መልኳን የወሰደችው ከ6ኛው ዩኒክስ ነው፣ 1975 የወጣው። እሱ ላይ ጥሪው ሲክ ብቻ ነበር፣ ኦፍሴቱም 16 ቢት ነበር፣ በ16 ቢት ሩቅ መዝለል ስለማይቻል ለጥሪው የሚሰጠውን ሦስተኛ ቁጥር (ከየት እንደሚዘል የሚናገረውን) 3፣ 4 ወይ 5 ካደረግከው ኦፍሴቱ በ512 ይባዛ ነበር፣ በብሎክ መዝለል ማለት ነው። 1979 በወጣው 7ኛው ዩኒክስ ላይ ኦፍሴቱ ሎንግ (ሰፋ ያለ ቁጥር) ሲሆን ነው ከሲክ ፊት ያለችው ኤል የመጣችው። ስለዚህ ናሆም 64 ቢት ማድረግህ ከዛው መንገድ ነው፣ ይህ ጥሪ ገና ከመነሻው የቁጥር ስፋት ሲያስቸግረው የኖረ ነው።

አዳማ_ቴክ፦ ማክሰኞ 7:20

ጋሼ እናመሰግናለን፣ እርሶ ሲጽፉ ሁሌ ነው የማነበው። ናሆም ለቀዳዳው ቀላሉ መፍትሄ ለምን ፋይልራይት ውስጥ ኦፍሴቱ ከመጠኑ ካለፈ መሀሉን በዜሮ አትሞላውም፣ ቀዳዳ የሚባል ነገር አይኖርም፣ ሪድአይንም ቢማፕንም ሳትነካ ትጨርሳለህ።

ብሎክ_ቆጣሪ፦ ማክሰኞ 7:55

ይሰራል፣ ግን ሁለት ነገር አለው። አንድ ጥሪ በአንድ ትራንዛክሽን እስከ 10 ብሎክ ብቻ እንዲጽፍ ነው የተፈቀደለት፣ ለዛ ነው ፋይልራይት ረጅም ጽሁፍ ሲመጣለት በ3072 ባይት እየቆረጠ በየተራ ትራንዛክሽን የሚከፍተው። ዜሮውንም እንደዛው መቁረጥ አለብህ፣ ባንዴ ልሙላ ካልክ "ቱ ቢግ ኤ ትራንዛክሽን" የሚል ሌላ ፓኒክ ታገኛለህ። እየቆረጥክ ስትሞላ መሀል ላይ ማሽኑ ቢጠፋ ደሞ ግማሽ ዜሮ የተሞላ፣ ተጠቃሚው የጻፈው ግን የሌለበት ፋይል ይቀራል።

ሁለተኛው ዲስኩ ነው፣ ጠቅላላው 2000 ብሎክ ነው። አንድ ባይት ለመጻፍ 268 ብሎክ የሚበላ ጥሪ እኔ አልወደውም። ቢማፕ "ካልኖረ አውጣ" እና "ካልኖረ ዜሮ መልስ" የሚሉ ሁለት መልክ ቢኖረው፣ ሪድአይ ዜሮ ሲመለስለት ዜሮ ቢያቀብል ነው የሚሻለው። ቢማፕን የሚጠሩት ሪድአይና ራይትአይ ብቻ ናቸው፣ ኮዱን በግሬፕ ፈልጌ አይቻለሁ። የፋይሉን ብሎኮች የሚለቀው ኢትራንክም ዜሮ አድራሻ ሲያገኝ ይዘለዋል፣ ፋይሉ ሲጠፋ ችግር የለም።

አዳማ_ቴክ፦ ማክሰኞ 8:10

እሺ አሳመንከኝ። በትራንዛክሽኑ በኩል አላሰብኩትም ነበር።

ፖስትግሬስ_ሰው፦ ማክሰኞ ማታ 1:30

ስለ ሎኩ ማንም አላነሳም፣ እኔ ዳታቤዝ ላይ ስለምሰራ ይሄ ጉዳይ ይነካኛል። የአይኖዱን ሎክ እንዳትይዝ ነው የምመክርህ። ሊኑክስም በፊት ኤልሲክ ላይ የአይኖዱን ሚውቴክስ (ሎክ) ይይዝ ነበር፣ ፖስትግሬስ የሚባለው ዳታቤዝ ደሞ የቴብሉን መጠን ለማወቅ ሲክ ኢንድ ደጋግሞ ይጠራል፣ ብዙ ኮር ያለው ማሽን ላይ አንዱን ቴብል የሚጠይቁ ፕሮሰሶች በሙሉ በዛች አንድ ሎክ ላይ ይሰለፉ ነበር፣ መጠን ለመጠየቅ ብቻ! 2011 ላይ በገባ ፓች ነው የተነሳው፣ ሊኑክስ 3.2 ይዞት ወጣ። ያንተ "አንድ ቁጥር ነው" ያልከው ሀሳብ ትክክል ነበር።

ሰላም_ዲፍ፦ ማክሰኞ ማታ 2:20

በዚህ አልስማማም ወንድሜ፣ ታሪኩ ልክ ነው ግን ያ ፓች ለምን ጥሩ እንደነበር ማየት አለብን። "አንድ ቁጥር ነው" ብሎ ሎኩን ዝም ብሎ አልነቀለውም። ሦስቱን ለየብቻ ነው ያያቸው። ሲክ ሴት ላይ ሁለት ሰው ቢሽቀዳደም አንዱ ያሸንፋል፣ ሎክ አያስፈልግም። ሲክ ኢንድ መጠኑን ማንበብ አለበት፣ ያለ ሎክ መጠን የሚነበብበት መንገድ ቀድሞ ተዘጋጅቶ ስለነበር በሱ ይነበብ። ሲክ ከር ግን አንብቦ ደምሮ መልሶ የሚጽፍ ስለሆነ ሎክ ያስፈልገዋል፣ የአይኖዱ ሳይሆን የተከፈተው ፋይል የራሱ ትንሽ ስፒንሎክ ይበቃዋል። ሎክን እንዲህ ነው የሚያነሱት፣ አንድ በአንድ ምክንያቱን ጽፈው።

ከዛም በኋላ አላለቀም፣ 2014 ላይ 3.14 ሲወጣ ለኦፍሴቱ ብቻ የሚሆን ሌላ ሎክ ተጨምሯል፣ ምክንያቱም አንድ የተከፈተ ፋይል የሚጋሩ ሁለት ትሬዶች ባንዴ ሲጽፉ አንዱ የሌላውን ላዩ ላይ ይጽፍበት ነበር፣ ፖዚክስ ደሞ አይፈቅድም።

ወደ ናሆም ኮድ ስንመጣ ኤክስቪ6 ውስጥ ኦፍሴቱን የሚጠብቀው የአይኖዱ ሎክ ነው። ፋይልሪድ አይሎክ (የአይኖዱን ሎክ) ይይዛል፣ ያነባል፣ ባነበበው ልክ ኦፍሴቱን ይጨምራል፣ ይለቃል። ከፎርክ (ፕሮሰስ ልጅ ፕሮሰስ የሚፈጥርበት ጥሪ) በኋላ አባትና ልጅ አንዱን የፋይል ስትራክቸር ነው የሚጋሩት። አባትየው ከፋይሉ መሀል 512 ባይት አንብቦ ኦፍሴቱን ሊጨምር ሲል ልጅየው ያለ ሎክ ወደ ዜሮ ቢዘል ኦፍሴቱ 512 ይሆናል። ልጅ ዜሮ ነው ብሎ ያስባል፣ አባት ካቆመበት ቀጥያለሁ ብሎ ያስባል፣ ሁለቱም ተሳስተዋል። ማን ቀደመ ብለህ ብታስብ እንኳ አባት መሀሉን አንብቦ ኦፍሴቱ 512 መሆኑ በየትኛውም ቅደም ተከተል የማይመጣ ውጤት ነው። እዚህ 64 ኮር የለም ዳታቤዝም የለም፣ አይሎክ ያዝ።

ፖስትግሬስ_ሰው፦ ማክሰኞ ማታ 2:45

የአባትና የልጁ ምሳሌ ገብቶኛል። ኤክስቪ6 ላይ ኦፍሴቱን በአይኖዱ ሎክ እንደሚጠብቁት አላየሁም ነበር፣ ከሊኑክስ አይን ነው ያየሁት። አይሎክ ይያዝ።

ዳታ_ጠባቂ፦ ማክሰኞ ማታ 3:15

ቀዳዳን በተመለከተ አንድ ነገር ልበል፣ ናሆም ቴስትህን ሰፋ እንድታደርግ። በፈረንጆች 2023 ህዳር ላይ ኦፕን ዜድኤፍኤስ የሚባለው ፋይል ሲስተም ላይ የተገኘውን ችግር ታስታውሱታላችሁ? ኤልሲክ ላይ "ዳታ ያለበትን ንገረኝ፣ ቀዳዳ ያለበትን ንገረኝ" የሚሉ ሁለት መጠየቂያዎች አሉ፣ ሲፒ ፋይል ሲቀዳ ቀዳዳውን ለመዝለል ይጠቀምባቸዋል፣ ሲፒ ያለበት ጥቅል ኮርዩቲልስ 9 ከወጣ ወዲህ። ዜድኤፍኤስ ፋይሉ ገና አሁን ተጽፎ ወደ ዲስክ ሳይወርድ ሲጠየቅ በአንዲት ጠባብ ቅጽበት ዳታ ያለበትን "ቀዳዳ ነው" ብሎ ይመልስ ነበር። ሲፒ አምኖ ይዘለዋል፣ ቅጂው ላይ በይዘቱ ፈንታ ዜሮ ይሆናል። ኤረር የለም፣ ምንም የለም። መጀመሪያ 2.2 ላይ የመጣው አዲሱ ብሎክ ክሎኒንግ (ብሎኩን ሳይገለብጥ ቅጂው እንዲጋራው የሚያደርግ) ነው ያመጣው ተብሎ ነበር፣ ሲጣራ ግን ችግሩ ከሱ በፊት ለአመታት የነበረ ሆኖ ተገኘ፣ 2.2.2 እና 2.1.14 ላይ ተስተካከለ። እኔ ባክአፕ ላይ ስለምሰራ ያን ሳምንት እንቅልፍ አልነበረኝም።

ስለዚህ ቴስትህ የጻፍከውን ብቻ አያንብብ፣ ያልጻፍከውንም እያንዳንዷን ባይት ያንብብና ዜሮ መሆኑን ይጠይቅ።

ናሆም_በሲ፦ ረቡዕ 9:40

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ሌሊቱን ሙሉ ስሰራው ነበር። ሁለተኛው ቅጂ ይሄ ነው፦ ፋይልሲክ አይሎክ ይይዛል፣ በ64 ቢት ያሰላል፣ ፓይፕና ዲቫይስ ከሆነ ኔጋቲቭ 1 ይመልሳል። ቢማፕ ላይ "አውጣ ወይስ አታውጣ" የሚል አንድ አርጉመንት ጨመርኩ፣ ሪድአይ አታውጣ ብሎ ይጠራዋል፣ ዜሮ ሲመለስለት ከአንድ ባዶ ብሎክ ቀድቶ ለተጠቃሚው ይሰጣል።

ቴስቱም ከ100 እስከ 4999 እያንዳንዷን ባይት ያያል፣ ሁሉም ዜሮ ነው። የኤክስቪ6 የራሷ መፈተኛ ዩዘርቴስትስም "ኦል ቴስትስ ፓስድ" አለ። አንድ ያልገባኝ ነገር፣ ሳጥን 0 ውስጥ ከ100 እስከ 1023 ያለው የድሮ ፋይል ቆሻሻ ለምን አልሆነም? እኔ አላጸዳሁትም።

ብሎክ_ቆጣሪ፦ ረቡዕ 10:05

ባሎክ ብሎክ ሲሰጥህ በዜሮ አጥቦ ነው የሚሰጥህ፣ ኤክስቪ6 ላይ ደሞ ፋይል በከፊል ማሳጠር የለም፣ ሲቆረጥ ሙሉ በሙሉ ነው፣ ስለዚህ ከመጠኑ በኋላ ያለው ጭራ ሁሌም ንጹህ ነው። ነገ ትራንኬት የሚል ጥሪ የሚጨምር ሰው ካለ ያን ጭራ ማጽዳት የሱ ስራ ይሆናል፣ ኮሜንት ጻፍለት።

ሰላም_ዲፍ፦ ረቡዕ ማታ 1:20

በጣም ተስተካክሏል። አንድ የመጨረሻ ነገር አገኘሁ፣ አሁንም ያልነካኸው ቦታ ነው። ራይትአይ መጨረሻ ላይ "ኦፍሴቱ ከመጠኑ ከበለጠ መጠኑን ኦፍሴቱ አድርገው" የሚል አለ። ድሮ ኦፍሴቱ ከመጠኑ ሊበልጥ የሚችለው የሆነ ነገር ከተጻፈ ብቻ ነበር። አሁን ግን ገና ሳይጻፍ በዝላይ ይበልጣል። አንድ ፕሮግራም 200000 ላይ ዘሎ የማይሰራ አድራሻ ሰጥቶ ራይት ቢጠራ ኮፒው ይከሽፋል፣ ሉፑ አንድ ባይት ሳይጽፍ ይወጣል፣ ራይት ኔጋቲቭ 1 ይመልሳል፣ ፋይሉ ግን 200000 ባይት ይሆናል። ዲስክ ሲሞላም ያው ነው።

ናሆም_በሲ፦ ረቡዕ ማታ 1:55

ሞከርኩት፣ እውነትሽን ነው! ራይት ከሽፎ ኤልኤስ 200000 ይላል። "የተጻፈው ከዜሮ ከበለጠ እና" የምትል ሁኔታ ፊቱ ላይ ጨመርኩ፣ አሁን ራይቱ ሲከሽፍ መጠኑ 100 ላይ ይቆያል። ቴስቱንም ዩዘርቴስትስ ውስጥ አስገባሁት፣ በኔጋቲቭ የሚዘለውን፣ ቀዳዳ የሚያነበውን፣ አባትና ልጅ የሚጋሩትን እና ይሄን የመጨረሻውን፣ አራቱም በመጀመሪያው ፓቼ ላይ ይወድቃሉ በአሁኑ ያልፋሉ።

ሰላም_ዲፍ፦ ረቡዕ ማታ 2:10

ከኔ በኩል ጨርሻለሁ፣ ይለፍ። ነገ ስታቀርብ የመጀመሪያውንም ቅጂ ይዘህ ግባ፣ አራቱ ቴስቶች ሲወድቁ አሳያቸው።